የልብ ድካም ሕክምና ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ፦ በሰሜን ሸዋ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

«የልብ ድካም ነው» ሲባል ብዙ ቤተሰብ ወዲያው ተስፋ ይቆርጣል። ልብ ሊቆም ነው የተባለ ይመስለዋል። ልቡ ግን አልቆመም፤ እየሠራ ነው። ያቃተው ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ነው። በሽታው ከባድ መሆኑን አልደብቅም። ያም ሆኖ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ማሳውን የሚዞር፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የሚመለስ፣ ልጅ የሚድር ሰው ብዙ ነው።

በክትትል ክፍል ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው ትንፋሹ ተቆርጦ ይመጣል። አልጋ ይይዛል፣ ውኃው ይወጣለታል፣ ተሽሎት ቤቱ ይገባል። ጥቂት ወራት ቆይቶ በዚያው ሁኔታ እንደገና ተሸክመው ያመጡታል። ምን ሆኖ ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ተሽሎኝ ተውኩት።» ያሻለው መድኃኒቱ መሆኑን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሆስፒታሉ ይልቅ ስለ ቤታችሁ ነው። ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ሌላው ባሉት ቀናት ምን እንደሚደረግ ነው የምነግራችሁ።

1. «ብርድ ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት

የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሳል ሲይዘው ሌላ ነገር አያስብም። ትንፋሽ ካጠረው አስም ነው ይባላል። እግሩ ካበጠ ኩላሊት ነው ይባላል። አንዳንዴ እውነትም ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ግን ልብን መጠርጠር አለባችሁ።

የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ዳገት ላይ ይታያል። ሳያርፍ ይወጣው የነበረውን አቀበት አሁን ሦስቴ ቆሞ ይተነፍስበታል። ቀጥሎ ችግሩ ወደ መኝታ ይመጣል። በጀርባ ሲተኛ ያፍነዋል፣ ቀና ሲል ይሻለዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ስለ ትራስ የሚጠይቁት።

«እማማ፣ ስንት ትራስ ነው የሚንተራሱት?»

«ድሮስ አንድ ነበር፣ ልጄ። አሁን ጋቢ ጠቅልዬ እጨምርበታለሁ። እሱም አልበቃ ሲለኝ ግድግዳ ተደግፌ አነጋለሁ።»

ይህ መልስ ብቻውን ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ሌላም አለ። ከተኛ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ታፍኖ ብድግ የሚል፣ በር ከፍቶ አየር የሚፈልግ ሰው ካለ ጉዳዩ ለነገ አይባልም።

እብጠቱን እንዲህ እዩት። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብላችሁ በቅልጥሙ አጥንት ላይ በአውራ ጣት ጫን አድርጉ። አስር ድረስ ቁጠሩ፣ ከዚያ ልቀቁ። ጣታችሁ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ ውኃ ተጠራቅሟል ማለት ነው። በልብ ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚያብጡት ሁለቱም እግሮች ናቸው። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። እሱም በዚያው ቀን ይታይ። አልጋ ላይ የሚውል ሰው ግን እግሩ ላያብጥ ይችላል፤ ውኃው ወደ ታችኛው ጀርባው ይሄዳል። ሆድ መንፋት፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ሌሊት ሳል፣ ያለ ምክንያት መዛልም አብረው ይመጣሉ።

2. ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ይህን መረዳት ግድ ነው። ያልገባውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚውጥ ሰው የለም።

የልብ ቀኝ ክፍል ደም ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ክፍል ደግሞ ከሳንባ የመጣውን ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። ግራው ሲደክም ደም ወደ ኋላ ይጠራቀምና ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ቀኙ ሲደክም ውኃው በእግር፣ በሆድና በጉበት ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተያይዘው ይደክማሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው በሽታውን የሚያባብሰው። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስበት ሰውየው ደም የፈሰሰው ወይም ውኃ የጠማው ይመስለዋል። ስለዚህ ጨውና ውኃ ይዞ ያስቀራል። ሰውነትም ልብ እንዲፈጥን የሚገፋ ሆርሞን ይለቃል፣ የደም ሥሮችንም ያጠባል። ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የደከመው ልብ ብዙ ውኃ ተጨምሮበት በጠበበ ደም ሥር በኩል በፍጥነት እንዲገፋ ይገደዳል። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ትልቁ ሥራቸው ይህን ዑደት መስበር ነው።

የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የምንለው፣ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። የግራው ክፍል ከሞላው ደም ስንት በመቶውን በአንድ ምት እንደሚረጭ ይናገራል። ጤነኛ ልብም ቢሆን ሁሉንም አይረጭም። ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው። ስለዚህ «ልብህ 35 ነው» የተባለ ሰው ከመቶ 35 ብቻ ቀረኝ ብሎ መደንገጥ የለበትም። 40 እና ከዚያ በታች ሲሆን ልብ የመርጨት አቅሙ ቀንሷል ይባላል። ከ50 በላይ ሆኖም የልብ ድካም ሊኖር ይችላል። ያኔ ልብ ይረጫል፤ ግን ደንድኗልና ዘና ብሎ አይሞላም። ግፊት ባለባቸው ትልልቅ ሰዎች ይህ በብዛት ይታያል።

3. ምክንያቱ እንዲፈለግ ጠይቁ

የልብ ድካም በሌላ ነገር ሳቢያ የሚመጣ ውጤት ነው። ያ ሌላው ነገር ካልታወቀ ሕክምናው ግማሽ ይሆናል።

በእኛ አገር በወጣቶች ላይ ዋናው ምክንያት በልጅነት በቶንሲል ሳቢያ የተበላሸ የልብ በር ነው። በትልልቆቹ ላይ የደም ግፊት፣ የልብ ጡንቻ መድከምና የልብ ደም ሥር መጥበብ አሉ። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ ብዙ አረቄ መጠጣት፣ በልብ ሽፋን ላይ የሚወጣ ቲቢም ልብን ያደክማሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሲታከሙ ልብ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። መመርመሩ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ለመንዝና ለአንኮበር ደጋ እናቶች የምጨምረው አለ፤ የኩበት ጭስ። በተዘጋ ማድ ቤት ለዓመታት ኩበት እያነደዱ መጋገር ሳንባን ይጎዳል። የተጎዳ ሳንባ ደግሞ የልብን ቀኝ ክፍል ያደክማል። ሲጋራ ነክታ የማታውቅ ሴት በዚህ ልትታመም ትችላለች። ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ መክፈትና ማድ ቤቱን ከመኝታ መለየት ለእሷ ሕክምና ነው።

መንገዱ ብዙ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። እዚያ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ደምና ሽንት ይታያል። ከዚያ ሪፈር ተጽፎ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ደብረ ብርሃን ወደ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ይኬዳል። ራጅ፣ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት የሚያሳይ)፣ የኩላሊትና የፖታሲየም፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለ ማዕድን፣ ምርመራ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ኢኮ ነው። የልቡን በር፣ ጡንቻውንና አቅሙን አንድ ላይ ያሳያል። ኢኮ ሳይሠራለት መድኃኒት ብቻ የሚቀጥል ታማሚ ካላችሁ «የት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አታፍሩ።

የኢኮውን ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። የጤና መድን አባል ከሆናችሁም መታወቂያው መታደሱን ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። ያለ ሪፈር ወረቀት ሄዶ ከኪስ መክፈል ያሳዝናል።

4. እያንዳንዱን መድኃኒት በስሙና በሥራው እወቁት

ፌስታሉን አውጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። አንድ በአንድ እንየው።

ላሲክስ፣ በሌላ ስሙ ፉሮሴማይድ፣ ውኃውን በሽንት ያስወጣል። ትንፋሽ የሚመልሰው፣ እግር የሚያጎድለው እሱ ነው። ሰውም የሚወደው እሱን ነው፤ ውጤቱን በቀናት ውስጥ በዓይኑ ያየዋላ። ግን የልብን ድካም ራሱን አይቀይርም። የተጠራቀመውን ያወጣል እንጂ የሚጠራቀምበትን ምክንያት አይነካም። ጠዋት ውሰዱት፣ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳል። በቀጠሮ ቀን ከመሀል ሜዳ በሚኒባስ የሚመጣ ሰው ሽንት እንዳይዘው ብሎ ይዘለዋል። ይገባኛል። ከመዝለል ግን ሰዓቱን ማሸጋገር ይሻላል። እንዴት እንደሚሸጋገር አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ኢናላፕሪል የጠበበውን ደም ሥር ያላላል፣ ያንን የተሳሳተ የሆርሞን ጥሪ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 በፊንላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን በጠና የታመሙ 253 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። በስድስት ወር ውስጥ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 44 በመቶው ሞተዋል። ኢናላፕሪል ከወሰዱት የሞቱት 26 በመቶ ናቸው። ይህ ተራ ክኒን ያን ያህል ሕይወት ያተርፋል። ችግሩ አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ይይዘዋል። ሳሉ ከጠናባችሁ ራሳችሁ አታቁሙ፤ ሎሳርታን ወይም ቫልሳርታን የሚባሉ ሳል የማያመጡ ተተኪዎች አሉ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ወዲያው አቁማችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ሦስተኛው ቤተሰብ ሜቶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና ቢሶፕሮሎል ናቸው። ሰው ብዙ የሚያማርረው እነዚህን ነው። «ልቤ ደክሟል፤ ለምን ደግሞ ቀስ በል ይሉታል?» ይባላል። ጥያቄው ትክክል ነው። የደከመ በሬ በጅራፍ ሲመታ ጥቂት ትልም ፈጥኖ ይሄዳል፤ ከዚያ ይወድቃል። እነዚህ መድኃኒቶች ጅራፉን ይቀማሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካም ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ነው በትንሹ ተጀምረው በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ከፍ የሚሉት። ከወራት በኋላ የልብ አቅም ራሱ ሲጨምር በኢኮ ይታያል። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ልብ ይቀወጣል። ለግፊት የሚሰጠው አቴኖሎል ስሙ ቢመሳሰልም ለልብ ድካም እንደነዚህ አልተረጋገጠም።

ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ትልቅ ጥናት በከባድ የልብ ድካም ላይ ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዋጋውም ብዙ አያስደነግጥም። ጥንቃቄ የሚሻው ፖታሲየም ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ከኢናላፕሪል ጋር ሲሰጥ የደም ምርመራ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም በየጊዜው ያስፈልጋል። በጨው ምትክ የሚሸጡ ከፖታሲየም የተሠሩ ጨው መሰል ነገሮች ለዚህ ታማሚ መርዝ ናቸው። ወንዶች ጡታቸው ሲያብጥ ወይም ሲያማቸው አፍረው ይደብቃሉ። ንገሩን፣ የሚቀየር ነገር አለ።

አዲሶቹ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ናቸው። መጀመሪያ የስኳር መድኃኒት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ስኳር ለሌለበት የልብ ድካም ታማሚም እንደሚጠቅሙ ታውቋል። በተለይ የልቡ ቁጥር ከ50 በላይ ለሆነው ሰው ሌላው መድኃኒት እምብዛም በማይረዳበት ቦታ እነሱ ይረዳሉ። የብልት ማሳከክ ሊያመጡ ይችላሉ፤ በንጽሕናና በቀላል ሕክምና ይድናል። ዋጋቸው ከበድ ይላል። አቅም ካለ ጠይቁ፤ ከሌለ የቀሩትን በደንብ መውሰድ ትልቅ ነገር ነው።

ልቡ ምቱ የተዛባ ወይም በሩ የጠበበ ሰው ዋርፋሪን ሊታዘዝለት ይችላል። ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ጎመን ይቃወመዋል። ጎመን አትብሉ ማለቴ አይደለም፤ መጠኑ አይዋዥቅ። በፍስክ ዞር ብሎ ያላየውን ጎመን ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ የሚበላ ሰው የደሙ ልክ ይናጋል። ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራ አድርጉ።

የልብ በር በጣም ለጠበበበት ወይም ለላላበት ሰው ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው። መፍትሔው በሩን ማስተካከል ነው፣ በቀዶ ጥገና ወይም በፊኛ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ይህን ከሚሠሩት አንዱ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ስም ማስመዝገቡን አታዘግዩ።

5. የማለዳው ሚዛን

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትይዛላችሁ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ጠዋት ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በስስ ልብስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን መመዘን። ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ። ጋቢ ደርቦ መመዘን አይሆንም፤ ጋቢው ራሱ ኪሎ አለው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ውኃ ሲጠራቀም እግር ከማበጡ፣ ትንፋሽም ከማጠሩ ቀናት አስቀድሞ ሚዛን ላይ ይታያል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። በሦስት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ያ ሥጋ አይደለም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ደውሉ ወይም ሂዱ። አንዳንዱ ታማሚ «2 ኪሎ ከጨመርክ ላሲክስ እንዲህ ጨምር» የሚል መመሪያ ከሐኪሙ ይሰጠዋል። ይህን በቀጠሯችሁ ቀን ጠይቁና በወረቀት አስጽፉ። በጤና ጣቢያ ደረጃ ተይዞ ከሚመለስ ችግርና ኦክስጅን ተደርጎ አልጋ ከሚያሲዝ ችግር መካከል ያለው ልዩነት እነዚህ ጥቂት ቀናት ናቸው።

ሚዛን የሌለው ቤት ብዙ ነው። በከተማ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ በሳምንት ሁለቴ እዚያው ልጅ ጋ መመዘን ከምንም ይሻላል። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ። እሱም ካልተገኘ መቀነት ይረዳል። አንዲት የመንዝ እናት ልጃቸው ያደረገችላቸውን አይቻለሁ። ጠዋት ተነስተው ክር በእምብርታቸው ዙሪያ ታዞርና የሚገጥምበት ላይ ቋጠሮ ታደርጋለች። በየጠዋቱ በዚያው ክር ትለካለች። ቋጠሮው አልደርስ ሲል እናቷን ይዛ ትመጣለች። ደብተር የላትም፣ ግን ትክክል ነች።

ቁጥሩ ሲቀንስም አትደሰቱ ብቻ። ሲነሱ የሚያዞር ከሆነ፣ አፍ ከደረቀ፣ ሽንት ካነሰ ላሲክሱ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ታማሚ በዚያው ቀን ይታይ። ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ሊጎዱ ስለሚችሉ ለጊዜው የሚቆሙ አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ የሚወስነው ባለሙያው ነው።

6. ጨው፣ ከወጡ በፊት የገባው

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። «ወጥ ላይ ጨው ቀንሰናል» ይባላል። ጥሩ። ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንዲሁ። ሚጥሚጣው፣ ድልሁ፣ ቋንጣው፣ የሾርባ ኩቡ፣ የሱቅ ዳቦው ሁሉ ጨው አላቸው። በገጠር ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤትም አለ። በቀን ሦስት ስኒ ከሆነ ተደምሮ ብዙ ነው።

መፍትሔው ለታማሚው የተለየ ወጥ መሥራት አይደለም፤ አይዘልቅም። የዓመቱ በርበሬና ሽሮ ሲሰናዳ ጨው ከመጨመሩ በፊት ሁለት ሦስት ኪሎ ለይታችሁ ለብቻ አስፈጩ። ቤቱ ሁሉ ያንን ቢበላ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ግፊት የሌለበት ቤት የለምና። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ሎሚ፣ በደጋው የሚበቅለው ጦስኝ ይመልሱታል። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ያለ ጨው የተቆላ የገብስ ቆሎ ጥሩ ነው። ቡናም ያለ ጨው፣ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ይጠጣ።

ስለ ውኃ ሰው ይሳሳታል። የልብ ድካም ያለበት ሁሉ ውኃ አይከለከልም። በጠና ለታመሙት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ተብሎ ሊወሰን ይችላል። ያን ጊዜ አጥሚቱም፣ ሾርባውም፣ ሻዩም ይቆጠራል። አረቄ ግን በፍጹም አይጠጣ፤ የልብን ጡንቻ ይመርዛል። ጠላም «ቀላል ነው» አይባልም። በቆላው በኩል ጫት የሚቅም ካለ እሱም ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል።

7. ጾምና ጠበል

ይህን ሳልነካ ባልፍ ለሰሜን ሸዋ ሰው አልጻፍኩም።

የጾም ምግብ ለልብ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን መድኃኒት ይዘላል፣ ከዚያ ማታ ሁሉንም አንድ ላይ ይውጣል። ግፊቱ ወርዶ ይወድቃል። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለበሽተኛ የተፈቀደውን እነሱ ያውቃሉ። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ረመዷን የሚጾሙትም ከጾሙ በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ።

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ የሚገባ ታማሚ አለ። ሂዱ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ በየሰዓቱም ውሰዱ። ብዙ ሊትር ጠበል በአንድ ጊዜ መጠጣት ሳንባን ሊሞላ ይችላል። ትንሽ ቀምሶ መጠመቅ ይቻላል። በብርዱ ሌሊት ለመጠመቅ የሚያስችል አቅም እንዳለም አስቡ። እምነትና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱን ለሌላው ጣሉ የሚላችሁን አትስሙ።

8. ደጋና ቆላ ሲለዋወጥ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ሳስቷል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚወጣ ታማሚ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። በቀስታ ይራመድ፣ ሙቅ ይልበስ፤ ብርድም ግፊት ይጨምራል። ወደ ቆላ የሚወርደው ደግሞ ላብ ስለሚበዛበት በላሲክስ ላይ ውኃ ሊያንሰው ይችላል። ማዞር ካለ ይታይ።

9. የማይነኩ መድኃኒቶች

ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለጥርስ ተብሎ የሚወሰደው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ጨውና ውኃ ያስቀራሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። የአንድ ሳምንት ዳይክሎፌናክ የወራት ሕክምናን ያበላሻል። መርፌውም እንደ ክኒኑ ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። መድኃኒት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ «የልብ ታማሚ ነኝ» በሉ።

10. አራሷ፣ ነፍሰ ጡሯና ትንሹ ልጅ

በእርግዝና የመጨረሻ ወር ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት አምስት ወራት ልቧ የሚደክም ሴት አለች። አራስ ቤት ትንፋሽ ሲያጥራትና እግሯ ሲያብጥ «አራስ ስለሆነች ነው» ይባላል። ጨው ያለበት ገንፎና አጥሚት ይጨመርላታል። ጠፍጣፋ መተኛት ያቃታት አራስ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ጽንስ ይጎዳሉ። ስለዚህ የልብ ድካም ያለባት ሴት ልጅ ካሰበች ከማርገዟ በፊት ትማከር። እስከዚያው የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋታል። ባልም ይህን ይወቅ።

የልጅ ጉሮሮ ሲያምና ሲያተኩሰው እንጥል ማስቆረጥ የልብ በር አይጠብቅም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል። የቶንሲል ሕመም በተጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የልብን በር የሚያበላሸውን ትኩሳት ይከላከላል። በሩ የተጎዳበት ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። «ደህና ነው» ብላችሁ እንዳታቋርጡ። በዚህ ላይ እለምናችኋለሁ።

11. ሌሊት ሲብስበት

ተቀምጦም ካፈነው፣ ሮዝ መልክ ያለው አረፋ ካስሳለው፣ ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ፣ ከተደናገረ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን ወደ ታች ያውርድ። አታስተኙት። መስኮት ክፈቱ፣ ጭስ ካለ አጥፉ፣ ሰው አይክበበው። ውኃ ወይም ጠበል አታጠጡት። የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ከዛሬ ጀምራችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንሱ እስኪደርስ በቃሬዛ ከሆነ የምትወስዱት ጀርባውን ቀና አድርጋችሁ ተሸከሙ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የኢኮውን ወረቀትና የኪሎውን ደብተር በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ያዙ።